ክፍሉን የለቀቀልህ ታላቅ ወንድም

የምትሄድበት ቤተሰብ ፎቶግራፍ ስልክህ ላይ ገብቷል። አባት፣ እናት፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ። ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አሳይተሃል። እናትህ የሴትየዋን ፊት አይታ «ደግ ትመስላለች፣ አልሐምዱሊላህ» ብላለች፤ አያትህ ደግሞ ውሻው ቤት ውስጥ ያድር እንደሆነ ጠይቀዋል። ከኋላ እጁን ኪሱ ከቶ የቆመውን፣ ፈገግ ያላለውን ረጅሙን ልጅ ግን ማንም ልብ አላለውም። ወንድሜ፣ እሱን እየው! መጪው ዓመትህ እንዲያምር ከአባትየውም ከእናትየውም ይልቅ የእሱ ድርሻ ሊበልጥ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ከኮምቦልቻም ይሁን ከደሴ፣ ከሐይቅም ይሁን ከሐርቡ ተነስቶ ባሕር ማዶ በሰው ቤት፣ በሰው ማዕድ ሊቀመጥ ሻንጣ ለሚሸክፍ ወጣት ነው። (ለአንቺም ነው፤ «አንተ» የምለው ብዕሬ እንዳይደናቀፍ ብዬ ነው።) የመሄጃው መንገድ ብዙ ነው። ኤ.ኤፍ.ኤስ. የሚባለው ድርጅት መነሻው በዓለም ጦርነቶች ቁስለኛ ሲያመላልሱ የነበሩ የበጎ ፈቃድ አምቡላንስ ሾፌሮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከአገር አገር እያሻገረ በቤተሰብ መሀል ያኖራል። በንጉሡ ዘመን ከኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ አሜሪካ ሄደው፣ ዓመት ኖረው የተመለሱ ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ ደግሞ ወጣቱ አዘውትሮ የሚያነሳው የጀርመኑን ኦ ፔር ነው፦ ዕድሜ ከ18 እስከ 26፣ መነሻ የሚሆን ጀርመንኛ፣ በሳምንት ከ30 ሰዓት የማይበልጥ ልጅ መጠበቅና ቀላል የቤት ሥራ፣ የኪስ ገንዘብ። ስለ ቋንቋውና ስለ ሰነዱ የሚነግርህ ሞልቷል። ስለ ረጅሙ ልጅ የሚነግርህ ግን የለም።

በመጀመሪያ ልብህ ይሙላ። ወሎ ልጁን ከቤቱ አውጥቶ በሰው ደጅ ማስተማር ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። ደረሳው ኪታቡን ይዞ ወደ ዳና ወይም ወደ ጀማ ንጉሥ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ሲወጣ ወላጆቹ አይከተሉትም፤ የሚያበላው የአገሩ ሕዝብ ነው፣ ኑሮውን የሚያስለምደው ደግሞ ከእሱ በፊት የመጣው ደረሳ። የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ለምኖ ሲመለስ፣ ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ ያስቀጽለዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ሐይቅ እስጢፋኖስ ከሩቅ አገር የመጣ ሁሉ የሚያርፍበት ደጅ ነበር፤ ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንዱ ናቸው። በመስጊዱም በደብሩም ወግ ውስጥ አንድ ነገር ታያለህ። ሸሁም ሆኑ የኔታ ትልቁን ነገር ያስተምራሉ፤ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ የትኛዋ እመቤት የለመናትን እንደማትመልስ፣ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ የሚነግርህ ግን ታላቅህ ነው። ባሕር ማዶም ከዚህ የተለየ አይደለም። የቤቱን ደንብ እናትየዋ ወረቀት ላይ ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ትለጥፍልሃለች። ያልተጻፈውን የሚያውቀው በዚያ ደንብ ተቀጥቶ ያደገው የበኩር ልጅ ነው።

ከእኛው አፈር፣ ከመቅደላ፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች የወሰዱትን ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን እዚህ ላይ አለማንሳት አይሆንልኝም። የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከኢትዮጵያ ሳይወጡ በመንገድ አረፉ። አጠገቡ የቀረው አማርኛ የሚያውቀው እንግሊዛዊ ካፒቴን ስፒዲ ነበር፤ ልጁም እሱን የሙጥኝ አለ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የእንግሊዝ መንግሥት ከስፒዲ ቤት አውጥቶ ለአንድ ርእሰ መምህር አስረከበው፤ ከቼልተንሃም ወደ ራግቢ፣ ከራግቢ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት፣ መጨረሻ ላይ ሊድስ። እዚያው በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አረፈ። አሳዳጊ አላጣም፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ሳይቀሩ ያስቡለት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ያጣው ቤት በተቀያየረ ቁጥር አብሮት የሚቀር አንድ ሰው ነው። አንተ ግን ምርኮኛ አይደለህም! በፈቃድህ ትሄዳለህ፣ የመመለሻ ቀንህን ታውቃለህ፣ ማታ ማታ እናትህን በስልክ ታያታለህ። ይልቅ ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ የሄዱትን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን አስብ። በሩሲያ ሰዎች መሀል አድገው፣ የመድፍ ትምህርት ተምረው መጡ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው ትተዋል፤ ሻንጣህ ውስጥ ቦታ ከተረፈ ይግባ።

አሁን ወደ ረጅሙ ልጅ እንመለስ። ለምን ፈገግ አላለም?

አንተን ለመቀበል ቅጹን የሞሉት እናትና አባቱ ናቸው። እሱ የሰማው ምናልባት ራት ላይ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ መታጠቢያ ቤቱን፣ የመኪናውን ወንበር፣ የእናቱን ጆሮ ከማያውቀው ሰው ጋር ሊካፈል ነው። አንዳንዴም ክፍሉን ጭምር። አሜሪካ ውስጥ ልጅ 18 ዓመት ገደማ ሲሞላው ብዙውን ጊዜ ኮሌጅ ብሎ ከቤት ይወጣል፤ ትምህርት የሚከፈተው በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው፣ አንተም የምትደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። እሱ ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ አንተ ሻንጣህን እየጎተትክ ትገባለህ። አልጋው ላይ ትተኛለህ። ግድግዳው ላይ የእሱ ሜዳሊያ፣ መደርደሪያው ላይ የእሱ መጻሕፍት፣ በሩ ጀርባ ላይ ቁመቱ በየዓመቱ የተለካበት ምልክት አለ። ከዚያ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ፣ አሜሪካኖች የምስጋና ቀን ብለው ዘመድ ሁሉ በሚሰበሰቡበት በዓል፣ ልብሱን በከረጢት ይዞ ወደ ቤቱ ይመጣል። አልጋው ላይ የኮምቦልቻ ልጅ አለ!

ብዙው እንግዳ ልጅ ይህን ቀን ተሸማቆ ነው የሚጠብቀው። አንተ ቅደመው። ገና በመስከረም አጭር መልእክት ጻፍለት፦ «ክፍልህ ውስጥ ነኝ፤ ሜዳሊያዎችህን አልነካኋቸውም። ስትመጣ አልጋው ያንተ ነው፣ እኔ ሳሎን እተኛለሁ። የማላውቀው ነገር ቢኖር ብጠይቅህ ቅር ይልሃል?» ሳሎን እንድትተኛ ላይፈቅዱልህ ይችላሉ፤ ግድ የለም። ሰው ቦታው እንደተያዘበት ሲሰጋ ከሚሰማቸው ቃላት ሁሉ «ቦታህ ያንተ ነው» የሚለውን የሚያህል የለም። በዓሉ ሲደርስ አንሶላውን አጥበህ፣ አልጋውን አንጥፈህ፣ ዕቃህን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበህ ጠብቀው። ለእንግዳ አልጋ መልቀቅ የእናትህን ቤት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህችኛዋ የተገለበጠች ናት፣ እንግዳው ለባለቤቱ ይለቃል።

ወንድምነት ሰዓት ይፈልጋል። ጄፍሪ ሆል የተባሉ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ከመተዋወቅ አልፈው ቀለል ወዳለ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ገደማ፣ ለልብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብረው ማሳለፍ እንደሚያስፈልጋቸው ገምተዋል። በሥራ ግዴታ አብሮ መዋል ያን ያህል አልቆጠረም፤ የቆጠረው ወደው ያሳለፉት ጊዜ ነው። እስቲ እናስላው። እኛ አገር ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ ቶናው በረካው እስኪጠጣ ከሰዓት በላይ ይሄዳል፤ 200 ሰዓት በጎረቤት ቡና ብቻ በጥቂት ወራት ይሞላል። እዚያ ግን ራት ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሳህኑ ይነሳል፣ ሁሉም ወደየክፍሉ። አሥር ወር ሙሉ አንድም ራት ሳይጎድል ብትበላ 150 ሰዓት ነው፤ እሱም አባትየው ስለ ሥራው፣ ትንሿ ልጅ ስለ ጥርሷ እያወሩ የሚያልፍ። ስለዚህ በራት ብቻ የሚገኝ ወንድም የለም። ሰዓቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብህ።

ከየት? ከውሻው!

አያትህ የፈሩት ውሻ ቢያንስ ጠዋትና ማታ ይንሸራሸራል፤ ተራው የማነው በሚል በየቤቱ ጭቅጭቅ አለ። ረጅሙ ልጅ ገና ቤት ከሆነ ወይም ለበዓል ከመጣ፣ ተራው ሲደርስ «አብሬህ ልምጣ?» በለው። የሶላትህ ንጽሕና የሚያሳስብህ ከሆነ ገመዱን እሱ ይያዝ፣ አንተ ጎን ለጎን ተራመድ። ጎን ለጎን ማለቴ በምክንያት ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ በባዕድ ቋንቋ ማውራት ፈተና ነው፤ ሰዋስውህ ሲሰበር ፊቱ ላይ ታየዋለህ፣ ምላስህ ይታሰራል። ጎን ለጎን ሲኬድ ግን ዝም ብትሉም አያሳፍርም፤ የምታዩት ነገር ራሱ ወሬ ይሰጣችኋል። መኪና ውስጥም እንዲሁ ነው፣ ኳስ ሲለጋም፣ ዕቃ ሲታጠብም። እሱ ካጠበ አንተ አድርቅ።

ሁለተኛው ዘዴ ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ መጠየቅ ነው። እኛ መስጠት እንወዳለን፣ መቀበል ያሳፍረናል። በሻንጣህ በርበሬ፣ ቡና፣ ለእናትየዋ የተፈተለ ነጠላ ይዘህ ሄደህ ሁሉንም በመጀመሪያው ማታ አድለህ ጨርሰሃል። ደግ አደረግህ፤ ግን ባለዕዳ አደረግሃቸው እንጂ አልቀረብካቸውም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፔንሲልቬኒያ ምክር ቤት ይቃወማቸው የነበረን ሰው የመለሱት ስጦታ ሰጥተው አይደለም፤ ሰውየው ቤት የነበረን ብርቅ መጽሐፍ እንዲያውሳቸው ለምነው ነው። አዋሳቸው፣ በሳምንት ገደማ ከምስጋና ጋር መለሱለት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሞት ወዳጅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1969 ጄከርና ላንዲ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሙከራ አይተውታል፦ ራሱ ተመራማሪው ውለታ የጠየቃቸው ሰዎች ካልተጠየቁት ይልቅ ወደዱት። ሰው የረዳውን ይወዳል። ስለዚህ ረጅሙን ልጅ የልብስ ማጠቢያው ማሽን እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀው፤ የትኛው ቆሻሻ በየትኛው በርሜል እንደሚጣል (ጀርመን ከሆንክ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው)፣ ሰዎች በምን እንደሚስቁ፣ የትኛው መምህር እንደሚያስፈራ። ትንንሹን ጠይቅ። ገንዘብ ግን አትጠይቀው፤ ከእናቱ ጋር የሚያጣላውንም አትጠይቀው።

እሱም አንተን ይፈታህ ዘንድ ቁልፉን ስጠው። አንድ ምሳሌ ልንገርህ፣ ስንቱን የሐበሻ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ጦሙን ያሳደረውን። እናትህ ቤት «ብላ» ስትባል «አይ፣ በቃኝ» ትላለህ። «በሞቴ!» «ኧረ በቅቶኛል።» «አፈር ስሆን!» በሦስተኛው ትበላለህ፤ ጨዋ ልጅ ነህ። እዚያ «ትጨምራለህ?» ይሉሃል። «አይ፣ አመሰግናለሁ።» አለቀ! ድስቱ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፣ አንተም ጣሪያ ስትቆጥር ታድራለህ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ቃልህን አክብረው ነው። ይህን ለታላቅየው ንገረው፦ «በእኛ አገር የመጀመሪያው ‹አይ› አይቆጠርም።» ይስቃል። ከዚያ በኋላ ማዕድ ላይ አንተ «አይ» ስትል «ስንተኛው ነው?» ብሎ በዓይኑ የሚጠይቅህ አንድ ሰው አገኘህ። በቤቱ ውስጥ ለሁለታችሁ ብቻ የገባ ቀልድ ተወለደ፤ ወንድማማች የሚያሰኘው ደግሞ እንዲህ ያለው ነው።

ዓይንህንም አስብበት። ታላቅ ሲናገር አንገት መድፋት ወሎ ውስጥ አስተዳደግ ነው። እዚያ ግን የሚደብቀው ነገር አለ ያሰኝሃል። ስሙንም ጥራው። ጋሼ፣ አያ፣ ወንድም ጋሼ ብሎ ላደገ ልጅ ታላቁን በባዶ ስሙ መጥራት ጥርስ ያሳክካል፤ እሱ ግን የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ደግሞም ታላቅ በመሆኑ እንዲያዝህ፣ እንዲቆጣህ፣ ኪስህን እንዲሞላ አትጠብቅ፤ እዚያ የበኩር ልጅ እንዲህ ያለ ሹመት የለውም። የቤት ሥራ ሲሰጠው ካንተ እኩል ይሰጠዋል። መጀመሪያ ላይ ቀዝቃዛ ይመስልሃል፤ ቀስ እያልክ ስታየው አንድ የሚያስቀና ነፃነት አለበት፣ ከታናሽህ ጋር ስትመለስ የምትሞክረው።

እርግጥ ሁሉም ረጅም ልጅ አይገኝም። ፈተና ይኖርበታል፣ ፍቅረኛ ይኖረዋል፣ የጆሮ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ሳምንት ሙሉ የማያይህ ጊዜ ይኖራል። በሩ ከተዘጋ አንኳኳ፤ ካልከፈተ ተመለስ፣ ነገ ደግሞ ውሻው አለ። ቅዝቃዜ አንድ ነገር ነው፤ ክፋት ግን ሌላ ነው። ታላቅ ስለሆነ ብቻ የሚያዋርድህን፣ የሚመታህን፣ አካልህን ያለፈቃድህ የሚነካህን «የሰው ቤት ነው» ብለህ እንዳትሸከም። የላከህ ድርጅት የመደበልህ ተጠሪ አለ፤ ስልኩን ገና በመጀመሪያው ቀን ያዝ፣ ክፉ ነገር በደረሰብህ በዚያው ቀን ደውል። ትዕግሥት ከወሎ የያዝከው ትልቅ ሀብት ነው፤ ለማይገባው አታባክነው።

ረጅሙ ልጅም አንተን መጠየቁ አይቀርም። የከተማህን ስም ጽፎ ፈልጎ ጦርነት ያገኛል፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ የደረሰባቸውን፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነፃ የወጡበትን። «አንተ የት ነበርክ?» ይልሃል፣ እንዲያው በቅንነት፣ መኪና እየነዳ። ሁሉንም በዚያች መንገድ ላይ የመዘርገፍ ግዴታ የለብህም። «አንድ ቀን እነግርሃለሁ» ማለትም መልስ ነው። እስከዚያ ሌላውን ንገረው፦ ቦርከና ክረምት ሲሞላ ምን እንደሚመስል፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በፈረቃ ሲለዋወጥ መንገዱ እንዴት እንደሚጨናነቅ፣ ከኮምቦልቻ ሙቀት 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ወጥቶ ደሴ ላይ ሹራብ እንደሚፈለግ። በአንድ ግቢ የኢድና የገና ምግብ እንደሚቀማመስ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጦርነቱን ብትነግረው አንተን የሚያይህ እሱም ከወሬህ የሚያውቀው ከተማ እንደተጎዳበት ሰው ነው፤ ዜና ላይ እንዳለ ምስኪን አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ «አገርህን አሳየኝ» ቢልህ አትደንግጥ፣ ጥራው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ወይም በመኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣርማ በር ዋሻ ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን እያየ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመህ አጣራ። ሰኞን እንዲያገኝ አድርገህ አስመጣው፣ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ሐይቅ። አልጋህን ልቀቅለት። ለእናትህም «እማዬ፣ በቃኝ ካለ የእውነቱን ነው» ብለህ ንገራት። እንደማትሰማህ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ለእሱም ጻፍለት፦ ሰፋ ያለ ሱሪ ይዘህ ና።